ከግሥ የሚወለዱ ቅጽሎች

የላቲን ሰዋስው መጽሐፌ ሁለት መቶ ስምንተኛው ገጽ ላይ ይቋረጥና ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ይቀጥላል። በመካከሉ አራት ቅጠል የለም። ይህን ከመግዛቴ በፊት ዐውቅ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቴ ቆጥሬአቸዋለሁ። የጎደለው አራት ቅጠል ብቻ መሆኑን ሳይ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በዚያ ክምር ውስጥ ከነሽፋኑ የተረፈ ሌላ መጽሐፍ አልነበረም።

ሱቁ አስመራ ውስጥ ከትልቁ መስጊድ በስተጀርባ ነው። ባለቤቱ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። መካ ሄደው ባያውቁም ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ክርና መርፌ፣ ሻማ፣ አብሽና ኮረሪማ ይሸጣሉ። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ጣልያኖች የሚጥሉትን መጽሐፍ በጆንያ ይሰበስቡና ቅጠል ቅጠሉን እየገነጠሉ አብሹን ይጠቀልሉበታል።

«ይኼ ደግሞ ምን የሚያወራ ነው?» አሉኝ መጽሐፉን ስሰጣቸው።

«ላቲን ነው፣ ሐጂ።»

«የማን ቋንቋ ነው?»

«አሁን የማንም አይደለም። የሚናገሩት ሰዎች ሞተዋል።»

«ወላሂ፣ አንተ ልጅ! የሞተ ይቀበራል፣ ይለቀስለታል፣ አለቀ። አንተ ቆፍረህ ልታወጣው ነው?»

ለምን እንደምፈልገው አልነገርኳቸውም። እዚህ ግን መናገር አለብኝ።

ትምህርት የጀመርኩት በትግርኛ ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አገራችን ጠቅላይ ግዛት በተባለች ጊዜ የትግርኛው መጽሐፍ ከክፍላችን ወጥቶ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የተፈተንኩት በአማርኛ ነው። አማርኛን በደንብ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ድርሰቴ ሲመለስ ግን በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ አገኘሁት። «የተጻፈ» ለማለት «ዝተጻፈ»፣ «የተወደደ» ለማለት «ዝተወደደ» ብዬአለሁ። ሐሳቤ ፈጥኖ ሲሮጥ እጄ በትግርኛው «ዝ» ይጽፍ ነበር። አማርኛ የወደቀ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ቢያልፍም ሁለተኛ ደረጃ አይገባም። በር የተዘጋብኝ በአንዲት ፊደል ነው ብዬ ስናገር ሰው እንደ ማጋነን ይቆጥርብኛል፤ ድርሰቱ ግን እስካሁን አለኝ፤ ስሕተቶቹንም ለይቻቸዋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ዐሥራ ስድስቱ ያቺው «ዝ» ናት።

ከዚያ በኋላ አማርኛን ብቻዬን ከሰዋስው መጽሐፍ ተማርኩት፤ አነጋገሩን ከሐጂ ሱቅ ወሰድኩ። ይህን የምጽፍበት አማርኛ የዚያ ውጤት ነው። ነገር ግን ፈተናው ዳግመኛ አልተሰጠኝም።

የቀረኝ አንድ በር የጣልያኖቹ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ በክፍል ሳይቀመጥ በግሉ የተማረ ሰው መጥቶ መፈተን ይችላል፤ ፕሪቫቲስታ ይሉታል። በሰኔ ይፈተናል፤ በአንድ ትምህርት ከወደቀ በጥቅምት ያንኑ ብቻ ይደግማል። በጥቅምትም ከወደቀ በሚቀጥለው ዓመት መሞከር ይችላል፤ የሚችለው ግን ሃያ ዓመት ያልሞላው ብቻ ነው። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሃያ የሚሞላኝ በኅዳር ነው። ጣልያንኛውንና ሒሳቡን አልፈራሁም። የፈራሁት ላቲኑን ነበር።

ሰዎች ሲጠይቁኝ «ሐኪም ለመሆን ነው» እላቸው ነበር፤ ይህ መልስ ያሳርፋቸዋል። እውነቱ ግን የምፈልገው ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻ ነበር። ብቻውን የሚማር ሰው ሲሳሳት የሚያርመው የለም። ስሕተቱን ከትክክሉ ጋር በአንድ ላይ ያጠናል፤ ሁለቱንም እኩል ይወዳል። «ተሳስተሃል» የሚለኝ አስተማሪ ፈልጌ ነው ላቲን የተማርኩት።

የምኖረው ጥራቮሎ በሚባለው ሰፈር ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። አባትና እናታችን ከሞቱ ቆይተዋል። እኅቴ የአንዲት ጣልያናዊት ባልቴት ቤት ትሠራለች። እኔ ደግሞ ከአርኮብኮባይ ፍሬ የሸሚዝ ቁልፍ በሚሠራ ፋብሪካ ለቃሚ ነኝ። አርኮብኮባይ ቆላ የሚበቅል ዘንባባ ነው፤ የፍሬው አስኳል እንደ አጥንት ጠንካራና ነጭ ነው። ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ተቀብቶ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ሲመጣ የተሰነጠቀውን፣ ቀዳዳው የተጣመመውን፣ ጠርዙ የተሸረፈውን በዐይኔና በአውራ ጣቴ እለያለሁ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያመልጠኝም። አለቃችን ይህን ስለሚያውቅ ሌሎች የለቀሙትን ለእኔ መልሶ ያሳየኛል።

እሑድ እሑድ ከንጋት ጀምሮ ከመጽሐፉ ጋር እቀመጥ ነበር። ከሁሉ የወደድኩት ከግሥ የሚወለዱትን ቅጽሎች ነው፤ ምክንያቱም በትንሹ ዐውቃቸው ነበር። አባቴ ዲያቆን ነበርና ጥቂት ግእዝ አስተምሮኛል። ግእዙ ፍቁር፣ ፍቅርት፣ ፍቁራን፣ ፍቁራት ይላል። ላቲኑም ከመውደድ አማቱስን ያወጣል፤ የተወደደ ማለት ነው፤ ለሴቷ አማታ፣ ለዕቃ ደግሞ አማቱም ይሆናል። ግእዝ የሌለውን ሦስተኛ ጾታ መጨመሩ ነው ልዩነቱ። አማንስ የሚወድ ማለት ነው፤ እሱ ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለዕቃውም አንድ ዐይነት ነው፤ ሲረባ ግን አማንቲስ፣ አማንቲ፣ አማንቴም እያለ ይሄዳል። አማቱሩስ ገና ሊወድ ያሰበ ነው። ከተቋረጠው ወዲያ ማዶ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ሌሎቹ ይመጣሉ፤ አማቢሊስ፣ ሊወደድ የሚችል፤ አውዳክስ፣ ከመድፈር የወጣ ደፋር፤ ሞሪቡንዱስ፣ ሊሞት የሚያጣጥር።

እነዚህን ሁሉ በየመልካቸው፣ በነጠላና በብዙ፣ ቁልፎቹን እየለቀምኩ በሹክሹክታ አረባቸው ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ሠራተኛ ጸሎት መስሎት «ለእኔም ድገምልኝ» ይለኝ ነበር።

አንድ ቅጽል ግን ማብራሪያ አልነበረውም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባሉት መልመጃዎች ውስጥ «ንዱስ» ብለው የሚያልቁ ቃላት በየቦታው አሉ፤ አማንዱስ፣ ሌጄንዱስ፣ ዶቼንዱስ። የሚያስረዳቸው ክፍል ከጎደሉት አራት ቅጠሎች ላይ እንደነበረ ገባኝ። እኔም አሰብኩ። ጣልያንኛን የተማርኩት በጆሮ እንጂ በሰዋስው አይደለም፤ ነገር ግን «አማንዶ» እየወደደ፣ «ፓርላንዶ» እየተናገረ ማለት መሆኑን አስመራ ውስጥ መኪና የሚያጥብ ልጅ እንኳ ያውቃል። ጣልያንኛ የላቲን ልጅ ነው። ስለዚህ አማንዱስ እየወደደ ያለ ሰው ነው አልኩ። አራት ባዶ ቅጠል ቆርጬ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ሠንጠረዡን ከነምሳሌው ሞላሁ፤ በዱቄት ሙጫ ከቦታው ለጠፍኩት። ከሁለት መቶ ዘጠኝ እስከ ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ቁጥርም ሰጠሁት። እኅቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን ቅጠሎቹን በእጇ ዳስሳ «ከሌላው አይለይም» አለችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሠራሁት ነገር እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በሰኔው ፈተና ላይ እንድንተረጉም ከተሰጠን ውስጥ አንዱ ዐረፍተ ነገር «ካፕቲቩስ ሬጂ ትራዴንዱስ፣ ኖን ኔካንዱስ ኤራት» የሚል ነበር። ካፕቲቩስ ምርኮኛ ነው፤ ሬጂ ንጉሥ ነው፤ ኔካሬ መግደል ነው። «ትራዴንዶ» ደግሞ በጣልያንኛ እየከዳ ማለት ነው። አንድም አልተጠራጠርኩም። «ምርኮኛው ንጉሡን እየከዳ ነበር እንጂ እየገደለ አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹንም ሁሉ በዚያው መንገድ ሄድኩባቸው።

ውጤቱ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ከስሜ ፊት ለፊት ሌላው ሁሉ «አልፏል» ነው፤ በላቲን ረድፍ ላይ ግን «ሪማንዳቶ» ይላል። ወደ ጥቅምት የተመለሰ ማለት ነው። እሱም ከግሥ የተወለደ ቅጽል ነው። አንድ ጠጉሩ የተከፈለ የትምህርት ቤቱ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ ስሜን አነበበና ለጓደኛው «የማነው ይኼ ደግሞ? በልጁ ፈንታ አባቱን ፈተና አስቀመጡት እንዴ?» አለው። ተሳሳቁ። እውነትም ከሁሉም በዕድሜ እበልጥ ነበር።

ፈታኟ ፕሮፌሶሬሳ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆመው አዩኝ። ቀጭን፣ መነጽር ያላቸው ሴት ናቸው።

«ምርኮኛውን ከሐዲ ያደረግኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ፕሮፌሶሬሳ።»

«ማንንም አልከዳም። ለንጉሡ ሊሰጥ የሚገባው ነው። ሊገደል የማይገባው። ጀሩንዲቮ ይባላል። ጀሩንዲቮውን አጥና፤ ሌላው ደህና ነው» ብለው አለፉ።

ቃሉን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጀሩንዲቮ። ከትምህርት ቤቱ እስከ መስጊዱ ድረስ እንዳይጠፋኝ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ከመጽሐፌ የጎደለው አራት ቅጠል የት ሄደ?» አልኳቸው።

«የትኛው መጽሐፍ?»

«የላቲኑ።»

«ሱብሐነላህ! ያንን ከሸጥኩልህ ሁለት ዓመት አለፈው። አብሽ ጠቅልዬበት ይሆናል። አንዷ የአስመራ ሴት ላቲንህን ከወጥ ጋር አብስላ በልታዋለች። ምነው? ምን ይል ነበር?»

ዐረፍተ ነገሩን እንዴት እንደተረጎምኩት ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ንጉሡን እየከዳ ብለህ በወረቀት ላይ ጻፍክ? ስምህን ጽፈህበት?»

«የድሮ ንጉሥ ነው፣ ሐጂ። የሮማ።»

«ንጉሥ ድሮ የለውም፣ ልጄ። ላቲኑን ስትጨርስ ይህን ተማር። እነዚያ ጣልያኖች ባይጥሉህ ኖሮ እነዚህኞቹ ያነሡህ ነበር» አሉና የራሳቸው ቀልድ አሳቃቸው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጆንያዎቹን ሁሉ ገለበጡልኝ። አብረን እስኪመሽ ፈለግን። የላቲን መጽሐፍ አልነበረም።

መጽሐፉን ያገኘችው እኅቴ ናት። የምትሠራበት ቤት ባልቴቷ የልጅ ልጅ አላቸው፤ በልጁ የትምህርት መጻሕፍት መካከል የእኔን የሚመስል ፈለገች። ማንበብ ስለማትችል የእኔን መጽሐፍ ሽፋን ቀለምና በላዩ ያለውን የዐምድ ሥዕል በልቧ ይዛ ሄዳ ነው የለየችው። ባልቴቷ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ዘመዳቸው ዘንድ ይውላሉ፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። እኅቴ ሳትጠይቅ አወጣችው። ይህን የነገረችኝ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው።

«ሓወይ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ይዤው እወጣለሁ። አንድ ደቂቃ አልጨምርም» አለችኝ። ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። ባልቴቷ እስካሉበት ሰፈር እስከ ቤት ጊዮርጊስ ድረስ በእግር ነው የምትመልሰው፤ ዳገቱ ረጅም ነው።

የመጣችው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነበር። ጀሩንዲቮው ስድስት ገጽ ነው። እኔ አንድ ገጽ በጥንቃቄ ስገለብጥ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ሠንጠረዥ ያለበት ደግሞ ከዚያ በላይ። ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ ገለበጥኩ። አማንዱስ፣ ሊወደድ የሚገባው። ሌጄንዱስ፣ ሊነበብ የሚገባው። አማንዳ፣ አማንዱም፤ አማንዲ፣ አማንዶ። ሲረባ ከአማቱስ ጋር አንድ ነው። እየጻፍኩ ስለ አማርኛ አሰብኩ። እኛ «የሚነበብ መጽሐፍ» ስንል ሰው የሚያነበው ነው? ሊነበብ የሚችል ነው? ወይስ ሊነበብ የሚገባው? በአንዱ «የሚ» ውስጥ ሦስቱም ታጭቀዋል። ላቲን ለሦስቱም ሦስት ቤት ሠርቶላቸዋል።

በስድስተኛው ገጽ ግርጌ አዲስ አርእስት ነበር። እኅቴ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አርእስቱ «ጀሩንዲዮ» ይላል። በላቲኑ ፊደል ሲጻፍ ጀሩንዲቮ ከሚለው የሚለየው «ቭ» የምትነበበው አንዲት ፊደል በመጉደሏ ነው። አየሁት። በእውነት አየሁት፤ ስንጥቅ እንዳለበት ቁልፍ ዐይኔ ላይ ቆመ። አታሚው ፊደል ረስቷል ብዬ አሰብኩ። ያንኑ ክፍል በክለሳ መልክ የሚደግም መሰለኝ። አርእስቱን ገለበጥኩና የጎደለችውን ፊደል በራሴ እጅ ጨመርኩለት፤ ከሥሩም «ክለሳ፤ አልተገለበጠም» ብዬ ጻፍኩ።

«በቃ?» አለች እኅቴ።

«በቃ» አልኳት።

መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ያን ክረምት ሙሉ የጎዳኝን ቃል ስመታው ከረምኩ። በፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ወይ ሊቀር የሚገባው ወይ ሊጣል የሚገባው ሆነ። ጣልያንኛ የሚያውቀውን ጆሮዬን መስማት አቆምኩ። «ንዶ» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ራሴን እገሥጽ ነበር፤ «እየ» አትበል፣ «የሚገባው» በል። በክረምቱ ማብቂያ ላይ ስሕተቴ ከእኔ የወጣ መሰለኝ።

የጥቅምቱ ፈተና አጭር ነበር። ስለ አንድ ሽማግሌ መምህር የተጻፈ አንቀጽ ነው፤ የሚዘጋው በዚህ ነበር፦ «ሴኔክስ ዶቼንዶ ቪክሲት፣ ዲሼንዶ ሴኑዊት።»

ሴኔክስ ሽማግሌ ነው። ቪክሲት ኖረ፤ ሴኑዊት አረጀ። ዶቼንዶን ሳይ ጠላቴን አወቅሁት። በሰኔ ቢሆን ሳላስብ «እያስተማረ» እል ነበር። አሁን ግን አልታለልም። ዶቼንዱስ ሊማር የሚገባው ነው፤ «ዶ» ብሎ ሲያልቅ ደግሞ «ለ» የሚለውን መልክ ይይዛል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሽማግሌው ሊማር ለሚገባው ሰው ኖረ፤ ሊጠና ለሚገባውም ነገር አረጀ። ጽፌ ሳነበው ዐይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ አስተማሪ በአንድ ዘመን በአንድ አገር ነበረ ብዬ አሰብኩ። በአንቀጹ ውስጥ ሌሎች ሦስት እንደዚህ ያሉ ቃላት ነበሩ። ሁሉንም እንደዚሁ ተረጎምኳቸው። ወረቀቴን ያስረከብኩት ከሁሉም ቀድሜ ነው።

ሰሌዳው ላይ «ሬስፒንቶ» ይላል። ተገፍቶ የተመለሰ ማለት ነው።

እዚያው ኮሪደር ላይ ፕሮፌሶሬሳዋ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ወረቀቴን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ባዶ ክፍል ውስጥ አስገቡኝና ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ቆሙ። ወረቀቴ ላይ አምስት ቦታ ተሰምሮበታል፤ በኅዳጉ ላይ አንድ ዐይነት ቃል አምስት ጊዜ ተጽፏል። ጀሩንዲዮ።

«ሽማግሌው በማስተማር ኖረ፤ በመማር አረጀ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸው ነው። በጣልያንኛ እንደምንለው ማለት ነው። ይህን በሰኔ ብጠይቅህ ኖሮ ትመልሰው ነበር።»

«ጀሩንዲቮውን አጥና አሉኝ።»

«ጀሩንዲቮና ጀሩንዲዮ ሁለት ናቸው። አንዱ ቅጽል ነው፤ ሌላው ስም ነው። ማነው ያስተማረህ?»

«ማንም።»

የገለበጥኩበትን ደብተር ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገጽ በገጽ ገለጡት። የመጨረሻው አርእስት ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና አስጠግተው አዩ።

«ይህችን ፊደል ማን ጨመራት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስሕተት መስሎኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጠመኔ አነሡና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጽፈው ያስረዱኝ ጀመር። ጀሩንዲዮው የአድራጎቱ ስም ነው፤ ማስተማር፣ የማስተማር፣ ለማስተማር፣ በማስተማር። ብዙ ቁጥር የለውም። ጾታ አይለውጥም። የሚስማማው ስም ከጎኑ ካጣህ ጀሩንዲዮ ነው። «ተሳስተሃል» አሉኝ፤ «ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የተሳሳትከው።» ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከአስተማሪ ፊት በግንባር የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁሉም ገባኝ። አንድም የቀረ አልነበረም። በሁለት ዓመት ብቻዬን ያላገኘሁትን በአንድ ሩብ ሰዓት አገኘሁት፤ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ሳይ ደግሞ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ከበደኝ።

«በሚመጣው ዓመት?» አልኳቸው።

«የተወለድክበት ወር?»

«ኅዳር። ሃያ ይሞላኛል።»

ሰሌዳውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሚ ዲስፒያቼ» አሉ። አዝናለሁ ማለታቸው ነው። ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ መጥቶ ይጠብቅ ነበር።

እኅቴ ከሥራ ቀድማኝ ገብታ ነበር። ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሓሊፍካ ዶ?» አለች። አለፍክ ወይ ነው።

«ኣይሓለፍኩን» አልኳት።

ተቀመጠች። በምን እንደወደቅሁ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ወረቀት ላይ ሁለቱን ቃላት ጻፍኩላት። ከላይ አንዱን፣ ከታች ሌላውን። ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«አንድ ናቸው» አለች።

«አንድ ፊደል ይለያያሉ። ይቺ።»

ጣቷን በፊደሏ ላይ አሳረፈች። «ሌላኛው ትምህርት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ያን እሑድ ባመጣሁት ውስጥ?»

«አዎ። ከገለበጥኩት ቀጥሎ።»

ፊቷን በእጆቿ ያዘች። «እኔ ነኛ ያጣደፍኩህ። ደጃፍ ላይ ቆሜ። ሴትዮዋ እኮ ያን ቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖም አልመጡም ነበር። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አመሸሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ስንት ገጽ ነበር?»

«ሁለት።»

«ሁለት ገጽ በስንት ይገለበጣል?»

እኔ መዋሸት አላውቅበትም፤ ግምት ስጠየቅ እንኳ አስቤ ነው የምመልሰው። ሌላ ሰው ቢሆን «ቢገለበጥም አልጠቀመኝም» ይል ነበር። ወይም «እኔ ራሴ ነኝ የተውኩት» ይል ነበር፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው፤ ጊዜ ቢኖረኝም ክለሳ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ይህ ሁሉ የመጣልኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ማስላት ጀመርኩ። ሁለት ገጽ፣ ሠንጠረዥ የለውም፣ ግማሽ ሰዓት። ስሌቱን ስጨርስ ዝም ብዬ እንደቆየሁ ገባኝ፤ ዝምታዬም እንደነገራት አየሁ።

«ግማሽ ሰዓት ነው?» አለች። እንዴት እንዳወቀችው አላውቅም።

«ሓፍተይ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት። ዘግይቶ ነበር። ተነሥታ ደረቅ ልብስ ልታነሣ ወደ ግቢው ወጣች፤ በገመዱ ላይ ግን የተሰጣ ልብስ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፈተናው አንሥታ አታውቅም። የልጁን መጽሐፍ እንደወሰደችም ሆነ እንደመለሰች ለባልቴቷ አልነገረችም፤ ግን እሑድ እሑድ ለሥራ ባትጠራም እዚያው ቤት መሄድ ጀመረች። ለምን እንደምትሄድ ስጠይቃት «አንተ ሥራህን እንድትሠራ ነው» አለችኝ። ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለች።

የመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዴ በንጋት ነቃሁ። ታጠብኩ፤ ጠረጴዛውን ጠረግኩ፤ ተቀመጥኩ። እኅቴ ነጠላዋን ለብሳ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች፣ እንዳትረብሸኝ በሩን ሳታስጮህ ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። በጥራቮሎ መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይመታሉ። ጠረጴዛው ላይ ከእርሳሴ በቀር ምንም አልነበረም። እስክትመለስ ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ፤ የእግሯን ኮቴ ስሰማ እየሠራሁ የቆየሁ እንዲመስላት እርሳስ አነሣሁ።